ከባሕር ማዶ የቆየ መርዶ

ስልኩን ያነሳው ባለቤቴ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ወጥ ቤት ምስር አጥባለሁ፤ አማቼ ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ቋንቋውን የማይሰሙትን የኖርዌይ ቴሌቪዥን ድምፁን ዝቅ አድርገው ያያሉ። ባለቤቴ በትግርኛ «እወ፣ እወ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን እንደያዘ ወደ በረንዳ ወጣና በሩን ዘጋ። ወሩ የካቲት ስለነበር በረንዳው ላይ በረዶ ተከምሯል፤ እሱ ደግሞ በካልሲ ብቻ ነበር የወጣው። ያን ጊዜ ደግ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

ሲመለስ ከአባቱ ፊቱን አዙሮ አለፈና ወጥ ቤት ገባ። ድምፃችን እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተው።

«አክስቴ አርፋለች» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት። ዛሬ ቀበሯት።» ምስሩ ያለበትን ሳህን ከእጄ ወስዶ፣ የታጠበውን እንደገና ያጥብ ጀመር። «አባዬ አይሰማም። የልብ ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ አይሰማም።»

አማቼ ያን ጊዜ ሰማንያን አልፈዋል። የተወለዱት ኤርትራ ውስጥ፣ አገሩ በጣሊያን እጅ በነበረበት ዘመን፣ ከአስመራ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ መጥተው መኪና ሲጠግኑ ኖሩ። ባለቤቴ የተወለደው እዚያ ነው፤ እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ። እኔና እሱ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገን ኖርዌይ ስንገባ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ኋላ ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኖሩበት ከተማ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ አስመራ ተላኩ። እዚያ በሯን ከፍታ የተቀበለቻቸው ብቸኛ ታናሽ እህታቸው ነበረች። ለሰባት ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። ባለቤቴ ከብዙ ልመናና ምልልስ በኋላ ወደ ኦስሎ ሲያመጣቸው፣ ቬስትሊ፣ ባቡሩ የሚያልቅበት ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ አንዷን ክፍል ሰጠናቸው።

እህትየውን በየሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉላት ነበር። የሚያወሩት ቁም ነገር የለውም። ጉልበቷ እንዴት እንደዋለ፣ ውሃ መጣ ወይ፣ ከጎረቤት ማን አገባ። ከዚያ አንዳቸው የድሮ ነገር ያነሱና ሁለቱም እስኪያስላቸው ይስቃሉ። እኔ ትግርኛውን በደንብ ባልሰማም ሳቁን እወደው ነበር። እሳቸው ቤታችን ውስጥ እንደዚያ የሚስቁት በስልክ ብቻ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ማምሻውን፣ አማቼ ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ክፍላቸው ሲገቡ፣ ባለቤቴ ለልጃችንም ነገራት። ልጃችን እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ዓመት ያልሞላት ናት። አያቷን በኖርዌይኛ «ፋርፋር» ነው የምትላቸው፤ አንቱታውን አልለመደችውም።

«ናይ፣ ናይ» አለች፤ እንቢ ስትል እንደዚያ ነው። «እህቱ እኮ ናት! ለፋርፋር ዛሬውኑ መንገር አለብን።»

«ሐኪሙ ያለውን አንቺው ራስሽ ነሽ ያስተረጎምሽለት። ልቡ ደክሟል፤ አይደንግጥ ብሏል።»

«እሺ፣ ቀዶ ጥገናው ላይ ቢሞትስ? ሳያውቅ?»

«ሳያውቅ ከሞተማ ሳያዝን ሞተ ማለት ነው» አለ ባለቤቴ።

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ባለቤቴ አባቱን አጥቶ ማግኘት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዳግመኛ ላለማጣት የሚያደርገውን ሁሉ ስህተት ነው ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ኦስሎ ላሉ ለምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ደውሎ አደራ አለ። አስመራ ላለችው የአክስቱ ልጅም ከኖርዌይ የሚደወለውን ስልክ እንዳታነሳ ነገራት።

የመጀመሪያው እሁድ ባለቤቴ «መስመሩ ተበላሽቷል አሉ» አላቸው። «መቼ ሠርቶ ያውቃል!» ብለው ሳቁ። በሚቀጥለው እሁድ ግን ካርዱን ፍቀው ራሳቸው ደወሉ። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ብዙ ቆዩ።

«ይጠራል እኮ» አሉን። «ይጠራል፣ ግን ማንም አያነሳም። ምናልባት ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰች ይሆናል።»

ባለቤቴ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ልጃችን ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። እኔ ከእሳቸው ጋር ቀረሁ፤ ደግመው ሲደውሉ ቁጥሩን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረግ ምርመራ ነበራቸው። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ስለሆነና ፈረቃ ስላልተቀየረለት፣ እኔ ከምሠራበት ባርነሃገ፣ ከሕፃናት ማቆያው ማለቴ ነው፣ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። ከቬስትሊ ባቡሩ ሲነሳ ባዶ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ እኔ ከፊታቸው።

«ይኼ የስልክ ነገር እናቴን አስታወሰኝ» አሉ።

እሳቸው ወሬ ሲጀምሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። እንደዚያ አደረጉ።

«አባቴ ሲሄድ እኔ ጥርሴ ገና አልተነቀለም። ለጣሊያን ዓስከር ሆኖ፣ ከምጽዋ በመርከብ ትሪፖሊ ወሰዱት። እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ አልነገረችውም። ራሷም አላወቀች ይሆናል።»

እኔ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት በተማርኩት ታሪክ ውስጥ፣ ዓስከር የሚባለው ለጣሊያን የሚተኩስ የአገር ልጅ፣ ሚስት ያለው፣ ልጁ ጥርሱን የሚነቅል ሰው አይመስልም ነበር። ጠላት ነበር፣ አለቀ። አማቼ ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ስለ አባታቸው ለእኔ ሲያወሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

«ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነው» አሉ። «ጊዜውን ጨርሶ የሚመለስ ወታደር የብዙ ሰው መልእክት በቃሉ ይዞ ይመጣል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይቆምና፣ የእገሌ ልጅ ደኅና ነው፣ በሬውን እንዳትሸጡበት ብሏል፤ የእገሊት ባል ጣቱን አጥቷል፣ ግን ይበላል ይጠጣል፤ እያለ ያወርደዋል። እኛ ልጆቹ ከፊት ነን። አንድ ቀን የአባቴ ደረሰ። 'የልጄ ጥርስ ተነቀለ ወይ?' ብሎ ጠይቋል። ያን ጊዜ ተነቅሎ፣ ሌላው በቅሎ ነበር።»

ሳቅ አሉ። ጥርሳቸው አሁን ሰው ሠራሽ ነው።

«እናቴ መልሱን ወደዚያው ለሚሄድ ጎረምሳ ሰጠችው። 'ጥርሱ በቅሏል፣ ሴት ልጅም ተወልዳልሃለች፣ ስም አውጣላት በለው' አለችው። እስኪይዘው ድረስ እያስደጋገመችው። የክርስትና ስም ተሰጥቷታል፣ የቤት ስሟን ግን ለአባቷ ትተንለት 'ትንሿ' እያልን እንጠራት ነበር። እንዲህ ሆኖ ብዙ ቆየ። ልጅቷ መሄድ ጀመረች። ከዚያ አንድ የቆሰለ ሰው ከትሪፖሊ ተመለሰ። እናቴን 'ባልሽ ሰምቷል፤ እጅግ ደስ ብሎታል፤ ስሟን እንዲህ በሉልኝ ብሏል' አላት።»

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ትርጉሙ «መጣችልኝ» እንደማለት ነው።

«እናቴ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ አበላች» አሉ አማቼ። «ሰውየው ግን ለቄሱና ለአጎቴ ሌላ ነገር ነግሯቸው ኖሯል። አባቴ ሞቷል። የልጅቷ ወሬ ሳይደርሰው ነው የሞተው። አዝመራው ገና አልገባም፤ አሁን ለቅሶ ከተቀመጠች እህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ልጆቹ ይራባሉ ብለው ደበቋት። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። በመሃል የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሆነ። እናቴ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልጇን አዝላ ጨፈረች። እልል አለች። እሷ እልል ስትል ሴቶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ እኔ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ልጅ ነኝ።»

ባቡሩ ቆሞ ሰው ገባ። እሳቸው ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ አማርኛችንን የሚሰማ የለም።

«ሲያረዷት መጀመሪያ አባቴን ጠርታ አላለቀሰችም። 'አስጨፈራችሁኝ!' ነው ያለችው። እየዞረች፣ እያንዳንዱን ሰው እያየች፣ 'አንቺም? አንተም? አስጨፈራችሁኝ!' እስክትሞት ድረስ ሰርግ አልሄደችም። የእኔም ሰርግ ቀን ጓዳ ተቀምጣ ነበር።»

«ስሙስ?» አልኳቸው። ሌላ የምለው አጥቼ ነው። «ሰውየው የፈጠረው ነው?»

«አዎ፣ የፈጠረው ነው። አዝኖላት ይሁን ፈርቷት ማን ያውቃል። እህቴ ግን ትወደዋለች። እውነቱን እያወቀች፣ 'አባቴ ያወጣልኝ' ነው የምትለው። ዛሬም።»

ዛሬም ሲሉ እኔ መስኮቱን አየሁ።

ምርመራው ደኅና አለፈ። ስንመለስ ቫይትቬት ላይ «እንውረድ» አሉኝ። እዚያ ትንሽ የገበያ ማዕከል አለ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ሰው ለፋሲካ አስመራ ሊሄድ ነው፤ ለእህታቸው ሹራብ ሊልኩ አስበዋል። ልከለክላቸው ምክንያት ፈለግኩ፤ ደክሞዎታል አልኳቸው፣ አልደከመኝም አሉ። የሴቶች ልብስ ያለበት ሱቅ ገባን። ከተሰቀሉት መካከል ወፍራም፣ ከፊት የሚቆለፍ፣ አረንጓዴ ሹራብ መረጡ። በጣታቸው ሱፉን አሹት።

«ትከሻዋ እንዳንቺ ነው» አሉ። «እስኪ ልበሺው።»

ካፖርቴን አውልቄ ለበስኩት። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩኝ። ቀርበው እጅጌውን ጎተት አደረጉ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ አቁመው ከታች ወደ ላይ ይቆልፉልኝ ጀመር። ቁልፉ ቶሎ አይገባላቸውም። መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ እንኳ መቆም አልቻልኩም።

«አባባ፣ አይግዙላት» አልኩ።

«ቀለሙን አልወደድሽውም?»

«አይደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ። የያዙትን ቁልፍ አልለቀቁም።

«መቼ?» አሉ።

ነገርኳቸው። አጠገባችን ጫማ የሚለካበት ዝቅ ያለ ወንበር ነበር፤ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። አልጮኹም። እዚያ፣ በቅናሽ ልብስ መሃል፣ ሙዚቃ እየተሰማ፣ ሰው ምን ብሎ ይጮኻል? ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል፤ ያን የተፈጠረ ስሟን ደጋግመው እየጠሩ ነበር። ሻጯ ወጣት ልጅ አሟቸው መስሏት ውሃ አመጣችላቸው። «ታክ» አሏት፤ ከሚያውቋቸው ጥቂት የኖርዌይኛ ቃላት አንዷ ናት፣ ምስጋና። ልባቸው እዚያው ይቆማል ብዬ ደረታቸውን ነበር የማየው።

«ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«ሁላችንም።»

«ልጅቷም?»

«እሷም። ይነገራቸው ብላ ተጣልታናለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹራቡን አውልቄ መለስኩት። ወደ ባቡሩ ስንሄድ በረዶው አንሸራታች ስለነበር ክንዴን ይዘው ነበር የሚራመዱት፤ መድረኩ ላይ ደርሰን ለቀቁኝ።

«ለልጄ እንዳትነግሪው። እሱ ራሱ ይንገረኝ። ሰው ሰብስቦ፣ እንደ ወጉ። ይኼን አትከልክይው።»

«ቀዶ ጥገናውስ?»

«እገባለሁ። ልጄ ዓመት ሙሉ የለመነበት ነው።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ቤታችን ውስጥ መኖር ከበደኝ። ባለቤቴ አባቱን ይጠብቃል፤ አባቱ ልጃቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔ ሁለቱን አያለሁ። እሁድ ሲመጣ አማቼ እንደ ወትሯቸው ካርዱን ፍቀው ደወሉ። ስልኩ እህታቸው በሌለችበት ቤት ውስጥ ሲጠራ በጆሯቸው ሰሙት። «ዛሬም አያነሱም» አሉና አስቀመጡት። ወደ እኔ አላዩም። ባለቤቴ ቶሎ ብሎ ስለ እግር ኳስ ያወራ ጀመር። ቀን ቀን ክፍላቸው ውስጥ ጋደም ሲሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስቡታል። በሩን ገርበብ አድርጌ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ቢሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚያውቅብኝም የለም። ይህ ሐሳብ ባርነሃገው ውስጥ ለሕፃናቱ ጓንት ሳለብስ እንኳ አይለቀኝም ነበር።

የቀዶ ጥገናው ቀን እኔና ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ከእኔ በላይ ፈራሽ።»

«አባቴም ናቸው» አልኩት።

ቀዶ ጥገናውን የሠራችው ሐኪም ወጥታ «ደኅና ናቸው» ብላ እጇን ስትዘረጋልን፣ ባለቤቴ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። እሷ ደነገጠች። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለስኩ።

ፋሲካ አልፎ፣ አማቼ ደረጃ መውጣት ሲጀምሩ፣ ባለቤቴ ሰዎቹን ጠራ። ቅዳሜ ማለዳ ነበር። ጫማቸውን በራችን ላይ እያወለቁ፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ በአንድ ገቡ። ከሁሉም ፊት የተቀመጡት ሊንደበርግ ከሚባለው ሰፈር የመጡ ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ የአማቼ የአስመራ ወዳጅ፣ በየገበያ ማዕከሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረዋቸው የሚውሉ። መርዶውን እንዲያረዱ የተመረጡትም እሳቸው ነበሩ። አማቼ ከክፍላቸው ሲወጡ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ሰዎቹ ተያዩ። ባለቤቴ ግን አላስተዋለም፤ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

አዛውንቱ በትግርኛ፣ ቀስ ብለው ነገሯቸው። አማቼ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መቼ ነው?» አሉት በአማርኛ።

«ባለፈው ሳምንት» አለ ባለቤቴ።

አማቼ ፊት ላይ አንድ ነገር ሲጠፋ አየሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቁት እውነቱን ከልጃቸው አፍ ለመስማት ነበር፤ ልጃቸው ደግሞ እንዳይቀየሙት ፈርቶ ቀኑን ለወጠው። ከዚያ አለቀሱ። ድምፃቸው ወፍራም ነበር። የእናታቸውን ሙሾ ነው ያወረዱት ብለው ኋላ ሰዎቹ ነገሩኝ። ጎረቤታችን የሆነችው ኖርዌያዊት በሩን አንኳኩታ፣ ልጃችን ሄዳ አስረዳቻት፤ ሴትዮዋ ቆይታ ዳቦ ይዛ ተመለሰች።

ለቅሶው ሲያበቃ ለባለቤቴ ነገርኩት። ያቺን «ባለፈው ሳምንት» ይዤ ከእሱ ጋር መኖር አልቻልኩም። ሱቁን፣ ሹራቡን፣ መድረኩን፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ሳሎን መተኛት ጀመረ። ሥራ ሄዶ ይመጣል፣ ያቀረብኩለትን ይበላል፣ አያናግረኝም። አባቱን ግን እንደ ድሮው ያጥባቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም እንዳወቀ አወቁ፣ አላነሱትም። ልጃችን አንድ ቀን «እናንተ ቤት ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም?» ብላን፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጓደኛዋ ጋ ከረመች።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ለሥራ ለብሶ ወጥ ቤት መጣ። ቡናውን ቆሞ እየጠጣ፣ «አባዬ ሱቁ ውስጥ ምን አለ?» አለኝ።

«ስሟን ጠሩ።»

«ስሟን ብቻ?»

«ደጋግመው። ውሃ እስኪመጣ ድረስ።»

ስኒውን አስቀመጠና ያን የአክስቱን ስም ራሱ ጠራው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሰውን አደራ ሲል፣ ሲደብቅ፣ ሲጠነቀቅ፣ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰላትም ነበር። ልጅ እያለ ለእረፍት አስመራ ሲላክ የምታጥበው፣ ሰው ሲቆጣው ከኋላዋ የሚደበቅባት ሴት ናት። የአውቶቡስ ነጂ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያን ቀን አውቶቡሱን ሌላ ሰው ነዳው።

አማቼ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ለእኔ ደግ ነበሩ፤ ግን የድሮ ወሬ አላወሩልኝም። በጋ ላይ ፎቃችን ሥር ፀሐይ ስንሞቅ፣ አንድ ጊዜ እኔው ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን በመንገሬ አጥፍቻለሁ?»

ሕፃናት ከፊታችን በብስክሌት ያልፋሉ።

«እናቴ ብትሆን ኖሮ ትመርቅሽ ነበር» አሉ። «እኔ ግን አላውቅም ልጄ። ራሴንም ጠይቄዋለሁ። ያንን ሹራብ ልኬላት ቢሆን፣ እሷ የለችም፣ እኔ ግን እስከ ፋሲካ እህት ትኖረኝ ነበር።»

ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና፣ ነፋሱ ስለበረደባቸው ወደ ቤት እንግባ አሉኝ።